ማልሱንና የዳሶም ጥርስ

ኦክ ማልሱን አራተኛ ሴት ልጅ ሆና ስትወለድ አባቷ ሦስት ቀን ሙሉ ከማንም ጋር አልተነጋገረም ይባላል። በአራተኛው ቀን ስም አወጣላት፤ «የመጨረሻዋ» እንደ ማለት ነው፤ ከእንግዲህ ሴት አይምጣብኝ ሲል። እውነትም አልመጣም። ከስድስት ዓመት በኋላ ጊቴ ተወለደ። እናታቸው ወደብ ላይ ዓሣ ስትለይ ስለምትውል ጊቴን አዝላ ያሳደገችው ማልሱን ናት። ታላላቆቿ አንድ በአንድ እያገቡ ወደ ትልልቅ ከተማ ሲሄዱ እሷ የተወለደችባት የወደብ ከተማ ቶንግዮንግ ቀረች። በብርዱ ወራት ኦይስተር የሚባለውን የባሕር እንስሳ ከዛጎሉ ትፈለፍላለች፣ በሙቀቱ ወራት የዓሣ መረብ ትጠግናለች። ለምን እንዳላገባች ሲጠይቋት «ጊዜ የት አግኝቼ?» ብላ ታልፈዋለች።

ጊቴ አድጎ የሩቅ ባሕር ዓሣ አጥማጅ ሆነ። አንድ ጊዜ ከወጣ ዓመት ከመንፈቅ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አይመለስም። ሚስቱ ይህን ኑሮ አልቻለችውም፤ ልጃቸው ዳሶም ሁለት ዓመት ሳይሞላት ተፋቱና እናትየዋ ወደ ሴኡል ሄደች። ጊቴ በአንድ እጁ ልጁን፣ በሌላው የልብስ ሻንጣዋን ይዞ የእህቱ በር ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ ለአንድ ጉዞ ብቻ» አላት።

«መጀመሪያ ግባ፤ ልጅቷን ብርድ ትመታብኛለህ» አለችው ማልሱን።

አንዱ ጉዞ አራት ሆነ። ዳሶም ስምንት ዓመት ሞላት፤ ሁለተኛ ክፍል ገባች።

የኦክ ዘር የሚታወቀው በአገጩ ነው። የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው ቀድሞ ይወጣል። የማልሱን አባት እንዲያ ነበር፣ እሷም ጊቴም እንዲያው ናቸው። የዓሣ ገበያ ሴቶች «ኦኮች ዝናብ ሲመጣ ከሁላችን ቀድመው ያውቃሉ፤ አገጫቸው ላይ ያርፋላ!» እያሉ ይስቁባቸዋል። ስለዚህ የዳሶም የወተት ጥርሶች ወድቀው አዲሶቹ ሲወጡ፣ የታችኞቹ ከላይኞቹ ፊት ቢቀድሙም ማልሱን ነገሬ አላለችውም። በዚያ ቤት የሁሉም ጥርስ እንደዚያ ነው። እንደ ፓስታ የረዘመ ኑድል ስታቀርብላት በመቀስ ቆራርጣ ነበር፤ ልጅቷ በፊት ጥርሷ መቁረጥ ስለማትችል መሆኑን አንድ ቀን እንኳ ቆም ብላ አስባው አታውቅም።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት የጥርስ ምርመራ ተደረገና ዳሶም ወረቀት ይዛ መጣች። «የፊት ጥርሶች አገጣጠም ተገላቢጦሽ ነው፤ ጥርስ የሚያቃና ሐኪም ቢያያት» ይላል። ማልሱን አነበበችና ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። በማግስቱ አጠገቧ ለምትፈለፍለው ሴት ነገረቻት።

«ተይው» አለች ሴትዮዋ ቢላዋዋን ሳታቆም። «ሁሉም ጥርስ ወጥቶ እስኪያልቅ አይነካም። የእህቴ ልጅ በአሥራ አምስት ዓመቷ ነው ያሠራችው። ዝም ብለሽ ልጅቷን አታሳቅቂያት።»

ይህ ምክር ለማልሱን ተስማማት፤ ምንም ከማድረግ ያድናላ። ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ ሁለት ወር ሰነበተ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዳሶም ቦርሳዋን ሳታወርድ ኩሽና ገብታ የሩዝ ጭልፋውን ከተሰቀለበት አወረደችና አገጯ ሥር ደገነችው።

«አክስቴ፣ እኔ ይሄን እመስላለሁ?»

«ማነው ያለሽ?»

«ሁሉም። ስሜን ትተው ጭልፋ ነው የሚሉኝ። መምህራችን ‹ኦክ ዳሶም› ብላ ስትጠራ ከኋላ ‹ጭልፋ አለች!› ይላሉ።»

ማልሱን ጭልፋውን ከእጇ ወስዳ ቦታው መለሰችው። መናደዷን ልጅቷ እንዳታይ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። ከዚያ ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ ነቀለችና ስልክ ደወለች።

ጥርስ የምታቃናው ሐኪም፣ ዶክተር ፒዮ፣ አርባ ዓመት የሚሆናት፣ አጭር፣ ፈጣን ተናጋሪ ሴት ናት። የዳሶምን አፍ አየች፣ ጭንቅላቷን በራጅ አነሳች፤ ከዚያ የእጇን አንጓ አነሳች።

«ጥርሷን ነው እንጂ እጇን ምን ያደርጉታል?» አለች ማልሱን።

«ምን ያህል ገና እንደምታድግ የሚነግረኝ የእጇ አጥንት ነው» አለች ዶክተሯ። ፎቶውን መብራት ላይ ለጥፋ በእስክርቢቶዋ ጫፍ አሳየቻት። «እዩት እናቴ፣ አገጯ ብቻ አይደለም የረዘመው። የላይኛው የመንጋጋ አጥንት ወደ ኋላ ቀርቷል። እሱን ደግሞ ወደ ፊት መጎተት የሚቻለው አሁን ነው፤ አጥንቱ ገና ለጋ ሳለ። አሥር፣ አሥራ አንድ ዓመት ካለፋት ይጠነክርና እሺ አይለንም።»

«ሁሉም ጥርስ እስኪወጣ ይጠበቃል ሲሉኝ?»

«ለብዙ ልጅ ልክ ነው። ጥርሱ የተጣመመ፣ የተደራረበ ከሆነ እኔም ቆይተው ይምጡ ነው የምለው። እንደዚህ የተገለበጠው ግን አይቆይም። ልዩነቱን ደግሞ እርስዎ በዓይን ሊያውቁት አይችሉም፤ ለዚህ ነው ሰባት ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ይታይ የሚባለው።»

«ታዲያ አሁን ከሠራችው ለዘለዓለም ቀጥ ይላል?»

ዶክተሯ እስክርቢቶዋን አስቀመጠች። «አላውቅም» አለች። «አገጩ የዘር ነው። በአሥራ ሦስት፣ በአሥራ አራት ዓመቷ ቁመቷ ሲመዘዝ አገጯም አብሮ ሊመዘዝ ይችላል። ያኔ ሽቦ ይታሰርላታል። በጣም ከባሰም ካደገች በኋላ ቀዶ ጥገና አለ። እኔ የምሞክረው እዚያ እንዳንደርስ ነው። ቃል ልገባልዎት ግን አልችልም።»

ማልሱን «አላውቅም» የሚል ሐኪም ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ሴትዮዋን የወደደቻትም በዚያች ደቂቃ ነው።

ዶክተሯ ወንበሯን ወደ ዳሶም አዞረች። «አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። የሚታሰረው ያንቺ አፍ ነው፤ የአክስትሽ አይደለም። ምን ትያለሽ?»

«ያማል?»

«አዎ፣ ያማል። ሲጀመር ሦስት አራት ቀን። ከዚያ ይለመዳል፣ ከዚያ ደግሞ ይሰለቻል። መሰልቸቱ ነው ከሕመሙ የሚከፋው።»

ዳሶም አክስቷን አየች። ማልሱን ዓይኗን ወደ ራጁ መለሰች።

«ጭልፋ ማለት ይተዋሉ?» አለች ልጅቷ።

«እሱንም አላውቅም። ኑድል በጥርስሽ ትቆርጫለሽ ብዬ ግን አስባለሁ።»

«እሺ» አለች ዳሶም።

መጀመሪያ የተገጠመላት የላንቃ ማስፊያ ነው። ላንቃዋ ላይ የሚቀመጥ፣ በግራና በቀኝ መንጋጋ ጥርሶቿ ላይ የተጣበቀ ብረት ነው፤ መሐሉ ላይ ትንሽ ብሎን አለው። ብሎኑ በየቀኑ አንድ ጊዜ በቀጭን ቁልፍ ይዞራል። አዟሪዋ ማልሱን ናት።

ማልሱን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዛጎል ስትፈለፍል አንድ ቀን ቢላዋዋ ስቶ አያውቅም። ቢላዋውን በየት እንደምታስገባ ሳታይ ታውቃለች። ያን ቁልፍ ይዛ የልጅቷ አፍ ላይ ስታጎነብስ ግን የብሎኑን ቀዳዳ ደጋግማ ትስታለች። ዳሶም እራት ከበሉ በኋላ ጭንቅላቷን አክስቷ ጉልበት ላይ አድርጋ ትጋደማለች፤ አፏን ትከፍታለች፤ ማልሱን የእጅ ባትሪውን በአገጯና በትከሻዋ መካከል ይዛ ቀዳዳዋን ትፈልጋለች።

«አክስቴ፣ ላብሽ ዓይኔ ውስጥ ገባ።»

«ዝም በይ፣ አትናገሪ፣ ቁልፉ ያመልጠኛል።»

ልጅቷ አፍንጫዋ ሥር የሚገፋ ነገር ይሰማታል፤ ትንሽ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ይተዋታል። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ማልሱን ልጅቷን ለትምህርት ቤት ስትቀሰቅስ ዳሶም አዛጋች፤ በሁለቱ የላይ የፊት ጥርሶቿ መካከል ትናንት ያልነበረ ክፍተት ታየ። አንድ የመብያ ዘንግ፣ ቾፕስቲክ፣ ያሳልፋል። ማልሱን ስልኩን አነሳች። ክሊኒኩ ገና አልተከፈተም፤ እሷ ግን በየአምስት ደቂቃው ትደውል ጀመር። ሲያነሱላት ጮኸች፦

«ልጄን ለሁለት ሰነጠቅኋት! ብሎኑን አበዛሁት መሰለኝ፣ ጥርሷ ተከፍቶ ጉድጓድ ሆኗል!»

በስልኩ ውስጥ የዶክተር ፒዮ ሳቅ ተሰማ። «እሰይ! እኔም እሱን ነበር የምጠብቀው። አጥንቱ እየሰፋ ነው ማለት ነው። ክፍተቱ በራሱ ይዘጋል። ቀድሜ ልነግርዎት ይገባ ነበር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ማልሱን ስልኩን ዘግታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ዳሶም በመስተዋት ጥርሷን እያየች በክፍተቱ በኩል ምራቅ እየረጨች ነበር። «አክስቴ፣ እይ፣ እንደ ውኃ ጠመንጃ ሆንኩ!»

ከዚያ ጭምብሉ መጣ። ግንባርና አገጭ ላይ የሚያርፍ፣ መሐሉ ላይ ዘንግ ያለው ነገር ነው፤ ከአፏ ውስጥ ካለው ብረት ጋር በሁለት ላስቲክ ይያያዝና የላይኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ይጎትታል። ትምህርት ቤት አይደረግም፤ ነገር ግን ቤት ከገባች ጀምሮ እስከ ጠዋት፣ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል መደረግ አለበት። ዳሶም መስተዋት ፊት ቆመች፤ ራሷን አየች፤ አውልቃ ወደ ግድግዳው ወረወረችው።

«ሮቦት! ሮቦት ነው ያደረጋችሁኝ!»

ማልሱን አልተቆጣችም። ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ የሥራ ልብሷን እንዳለ ለብሳለች፦ እስከ ደረት የሚደርስ የላስቲክ ሽርጥ፣ የፀጉር መሸፈኛ፣ ክርን የሚያልፍ ቀይ ጓንት፣ ነጭ ቦት ጫማ። ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ አለችና ከጎኗ ያለውን ምንጣፍ መታ መታ አደረገች።

«ነይ። የኔም ዩኒፎርም ይሄ ነው። ሁለታችንም ሥራ ላይ ነን።»

ዳሶም ለመኮሳተር ሞከረች፤ አልሆነላትም። ሳቀች፤ ጭምብሉን አንስታ አምጥታ አደረገችና አጠገቧ ተቀመጠች። እንዲያ ሆነው ተከታታይ ድራማ ሲያዩ ዕቃ አድራሹ ሰውዬ በሩን አንኳኳ። ማልሱን እንዳለች ከፈተችለት፤ ከኋላዋ ዳሶም ጭምብሏን አድርጋ ብቅ አለች። ሰውዬው ካርቶኑን መሬት አስቀምጦ ሳያስፈርም ሄደ። ሁለቱ ወለሉ ላይ እስኪንከባለሉ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ጭምብሉ ያለ ጭቅጭቅ ተደረገ።

ዶክተሯ መሰልቸቱ ይከፋል ያለችው በአራተኛው ወር ደረሰ። ዳሶም ላስቲኮቹን አልጋዋ ሥር ደብቃ «አለቁ» አለች። ማልሱን ስትጠርግ አገኘቻቸው።

«አልፈልግም!» አለች ልጅቷ። «አባዬ አገጭ አለው፣ ምንም አልሆነም። መርከብ ላይ ሁሉም ይወደዋል። አንቺም ምንም አልሆንሽ። እንደ እናንተ ብሆን ምን አለበት?»

ማልሱን መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ለማንም ያላወራችውን ያወራችው ያን ቀን ነው።

«ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አንድ ሰው ሊያየኝ ይመጣል ተባለ፤ የመርከብ መካኒክ። እናቴ ‹በዚህ አገጭማ አትቀርቢም› አለችኝ። ያኔ ቦርሳ ይዞ በየቤቱ የሚዞር ጥርስ ሠሪ ነበር፤ ፈቃድ የለው፣ ምን የለው። ወለል ላይ አጋደመኝ። አራት ጤነኛ የላይ ጥርሶቼን ነቀለና ወደ ፊት ገፋ ያለ ሰው ሠራሽ ጥርስ ለጠፈልኝ። በሁለት ቀን አለቀ።»

«አማረብሽ?»

«በጣም! ለሦስት ወር።»

«ሰውየውስ መጣ?»

«መጣ። ሻይ ጠጣ። ስለ ሞተር ዘይት አንድ ሰዓት አወራ። ሄደ።»

ዳሶም ፈገግ ልትል ብላ የአክስቷን ፊት አይታ ተወችው።

«ከዚያ ይነቃነቅ ጀመር። የተለጠፈባቸው የጎን ጥርሶችም አብረው በሰበሱ። ይኸው ያን የሚኮረሸም የኮመጠጠ ራዲሽ፣ ኪምቺውን፣ አኝኬ ከበላሁ ሃያ ዓመት አለፈኝ፤ ሳላኝክ ነው የምውጠው። ዳሶምዬ፣ እኔ የፈለግሁት ቶሎ እንዲያልቅልኝ ነበር። ያንቺው ቀስ ይላል፤ ያሰለቻል፤ አውቃለሁ። ግን አንዲት ጥርስሽን እንኳ አልነቀለም። እምቢ ካልሽ ነገ ሄጄ ለዶክተሯ እነግራታለሁ። አልገድድሽም።»

ዳሶም ከአልጋው ሥር የተገኙትን ላስቲኮች ሰበሰበች። ከዚያ ጭምብሉን አምጥታ አክስቷ እጅ ላይ አኖረችው። «ላስቲኩን አንቺ አያይዢልኝ። እኔ ስሠራው ያመልጠኛል።»

በዘጠነኛው ወር የላይኛው ጥርስ የታችኛውን አልፎ መጣ። ማንም ልብ ሳይለው ነው የሆነው። እሑድ ምሳ ላይ ማልሱን መቀሱን ፍለጋ መሳቢያ ስትከፍት፣ ዳሶም የኑድሉን ጫፍ በጥርሷ ቁርጥ አደረገችው፤ ቀሪው ሳህን ውስጥ ወደቀ። ልጅቷ ደነገጠች። ሌላ ጎረሰች፤ ቆረጠች። ባይርባትም ሳህኑን ሙሉ እየቆረጠች ጨረሰችው። ማልሱን መቀሱን እንደያዘች ቆማ አየቻት።

ከዚያ ጥቂት ሰላማዊ ዓመታት መጡ፤ በየስድስት ወሩ እየሄዱ መታየት ብቻ። ዳሶም በአሥራ ሦስት ዓመቷ ቁመቷ በአንድ ክረምት የአክስቷን አለፈ፤ ዶክተሯ እንደፈራችው አገጯም ትንሽ ተመዘዘ፤ ሆኖም አልከፋም፤ ሽቦ ይበቃዋል ተባለ። ሽቦው በታሰረ ቀን ማልሱን በኦይስተር የተሠራ የሩዝ አጥሚት አዘጋጅታ ጠበቀቻት። ዳሶም ሦስት ቀን ያን እየጠጣች ስልኳ ላይ ብቻ አፍጥጣ ተቀመጠች። በሁለተኛው ሳምንት ጓደኛዋ ቤት ስኩዊድ የተባለ የባሕር እንስሳ ቋንጣ በልታ ከጥርሷ ላይ አንዱ ብረት ተነቅሎ መጣ። ማልሱን ጥርስ ብሩሹ ዳሶም አፍ ውስጥ የቆየበትን ደቂቃ በኩሽና ሰዓት መቁጠር ጀመረች፤ ሽቦው ሥር ምግብ ከቀረ ሽቦው ሲፈታ ጥርሱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይቀራል ብላ ዶክተሯ አስፈራርታታለች። ዳሶም «እስር ቤት ነው ይሄ!» ትላለች፤ ማልሱን «አንድ ደቂቃ ይቀርሻል» ትላለች። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ሽቦው የተፈታው ዳሶም አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ነው። ማልሱን እፎይ አለች፤ አበቃ ብላ። ጥርሱ ወደ ድሮ ቦታው እንዳይመለስ የሚይዝ ሰማያዊ ፕላስቲክ ተሰጣት፤ ስትበላ ብቻ አውልቃ ሁልጊዜ እንድታደርገው። ማልሱን ይህንን የዳሶም ጉዳይ ነው ብላ ተወችላት።

በመጋቢት አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የማልሱን ስልክ መፈልፈያው ጠረጴዛ ላይ ጮኸ። ዳሶም ናት፤ እያለቀሰች።

«የጥርሴ መያዣ ጠፋኝ! ምሳ ስበላ በሶፍት ጠቅልዬ ትሪው ላይ አድርጌው ነበር መሰለኝ። ከተረፈው ምግብ ጋር ደፋሁት!»

«የደፋሽበት በርሜል የት ነው?»

«ኋላ ላይ። ስምንት ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ይወስደዋል።»

ማልሱን ቢላዋዋን አስቀመጠች። ልብሷን አልቀየረችም። ሽርጧን፣ ቀዩን ጓንት፣ ቦት ጫማዋን እንዳደረገች ሞተር ሳይክሏ ላይ ወጣች። ትምህርት ቤቱ ስትደርስ የወጥ ቤቱ ሴቶች ምን እንደምትፈልግ ሲሰሙ መንገድ ለቀቁላት። ሦስት በርሜል ነበር። ማልሱን እጅጌዋን ሰበሰበችና እስከ ክንዷ ገባችበት፤ ሩዝ፣ ሾርባ፣ የዓሣ አጥንት፣ ኪምቺ። የምትፈልገውን በዳሰሳ ማግኘት ዕለታዊ ሥራዋ ነው። ከላይ በመስኮቶቹ የተማሪዎች ጭንቅላት ተደረደረ፤ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ዳሶም የደረጃው ጥግ ላይ ተደብቃ ነበር።

«አገኘሁ!» ብላ ማልሱን ከፍ አደረገችው። ሮዝ ነው። «ያንቺ ሰማያዊ አይደል?»

ከጥግ የደከመ ድምፅ መጣ። «ሰማያዊ ነው።»

ትንሽ ቆይታ ሌላ አገኘች፤ ያኛው አረንጓዴ ነው። የዳሶም ግን አልተገኘም። ማልሱን ሁለቱን አጥባ ለትምህርት ቤቱ ነርስ ሰጥታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ዳሶም ሦስት ቀን አላናገረቻትም። «ቢያንስ ቦት ጫማሽን አውልቀሽ ብትመጪ ምን ነበረበት?» አለች በሩን ዘግታ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም። በሦስተኛው ቀን ማልሱን ከልብስ ማጠቢያው የስፖርት ሱሪ ስታወጣ ከኪሱ ሁለት የሰማያዊ ፕላስቲክ ስባሪ ወደቀ። ዳሶም በር ላይ ቆማ ነበር፤ አየችው። ፊቷ ቀላ።

«ይሄ ሱሪ መቼ ነው የተለበሰው?» አለች ማልሱን።

«…ባለፈው ወር።»

«ስንት ቀን ነው ያላደረግሽው?»

«አምስት ሳምንት። ያን የደወልኩልሽ ዕለት ጠዋት ዶክተሯ ጋ ቀጠሮ እንዳለኝ አስታወስኩና ፈለግሁት፤ አጣሁት። ምሳ ላይ የጣልኩት መሰለኝ… እንዲመስለኝ ፈለግሁ።»

ማልሱን ስባሪዎቹን መዳፏ ላይ አስቀምጣ አየቻቸው። የጥርሱ ነገር ከተጀመረ ወዲህ በእውነት የተቆጣቻት ያኔ ብቻ ነው፤ ስትቆጣ ደግሞ ድምፅዋ ይወርዳል። «በርሜል ውስጥ መግባቴ አይደለም የከነከነኝ። ዋሸሽኝ።»

«አልጠየቅሽኝማ!» አለች ዳሶም እንባዋ እየወረደ። «ሽቦው ከተፈታ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሽኝም። ድሮ በየቀኑ አፌን ታዪ ነበር። እኔም ያለቀ መሰለኝ።»

ማልሱን ስባሪዎቹን ማጠቢያው ላይ አስቀመጠች። «እሱስ ልክ ነሽ» አለች። «እኔም ያለቀ መስሎኝ ነው። ነይ እስኪ፣ አፍሽን ክፈቺ።»

ዳሶም ቁመቷ በአንድ ራስ ስለሚበልጣት ጎንበስ አለችላት። አንዷ የታች ጥርስ ትንሽ ዞራለች። በማግስቱ አብረው ሄዱ። ዶክተር ፒዮ አዲስ መያዣ ሠራችላት፤ «ሽቦ ያቃናል፤ የሚያጸናው ይሄ ነው። ቢያንስ ማታ ማታ ለዓመታት ታደርጊዋለሽ» አለቻት። አዲሱ ጨምድዶ ስለሚይዝ ዳሶም ሁለት ቀን እንደገና አጥሚት ጠጣች። በዚያው ሳምንት የሮዙ መያዣ ባለቤት እናት አንድ ካርቶን መንደሪን ልካለች። ዳሶም እየላጠች «ምናልባት ቦት ጫማው ያን ያህል አልከፋም» አለች።

ጊቴ በዚያ ዓመት መጸው ላይ ከባሕር ለመጨረሻ ጊዜ ወጣ፤ ወገቡን አሞት። አውቶቡስ ተራው ላይ ልጁን ሲያይ ሻንጣውን መሬት ለቀቀው።

«የኛ አገጭ የት ገባ?» አለ።

«ዶክተሯ ትንሽ አስቀርታልሃለች አባዬ፤ በጎን ስታየኝ ይታያል» ብላ ፊቷን አዞረችለት። ጊቴ በመዳፉ አገጯን ይዞ አየው፤ ከዚያ እህቱን አየ። ማልሱን «ሻንጣህን አንሳ፣ መንገድ ዘግተሃል» አለችው።

አሁን መፈልፈያው ውስጥ የልጁ ጥርስ ያሳሰበው ሁሉ ወደ ማልሱን ይመጣል። በቅርቡ ደግሞ ከቬትናም መጥታ እዚሁ ያገባችው ትዌት አጠገቧ ሆና ስትፈለፍል ስልኳን አወጣችና የልጇን የዩናን ፎቶ አሳየቻት። ስድስት ዓመት ከመንፈቋ ነው፤ አዲሶቹ የፊት ጥርሶቿ እንደ ማራገቢያ ተበታትነዋል።

«እትዬ ማልሱን፣ አማቴ ቶሎ ይታሰር ትላለች። ባሌ ይጠበቅ ይላል። እኔ መሐል ቆሜ እንቅልፍ አጣሁ።»

«አንቺ ለሐኪም አሳዪያት» አለች ማልሱን። «አሳዪያት ነው ያልኩሽ፤ አሳስሪያት አላልኩም።»

ቅዳሜ ሦስቱ አብረው ሄዱ። ዶክተር ፒዮ ዩናን አየቻት፤ ራጅ አነሳቻት፤ አውራ ጣቷን ትጠባ እንደሆነ ጠየቀቻት። ዩና ጣቷን ከኋላዋ ደበቀች።

«ጣቷን እንድትተው በቀስታ እርዷት፤ አትቆጧት። ለጥርሷ ግን አሁን ምንም አይደረግም። ክፍተቱ ሌሎቹ ሲወጡ ይዘጋ ይሆናል። ከዓመት በኋላ አምጧት።»

ውጭ ሲወጡ ትዌት ግራ ተጋባች። «ታዲያ በከንቱ መጣን ማለት ነው?»

«በከንቱ? ዛሬ ትተኛለሽ አይደል?» አለች ማልሱን።

ትዌት ትንሽ አሰበችና ሳቀች። አውቶቡሱ እስኪመጣ ከጥግ ካለችው ሴትዮ ማር ያለው ትኩስ ቂጣ ገዙ። ዩና የራሷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ማሩ አገጯ ላይ እየወረደ፣ በሁለቱ ሴቶች መካከል አግዳሚው ላይ ተቀምጣ በላች። ማልሱን በእጅጌዋ ጠረገችላት፤ አውቶቡሱም መጣ።